ጠላት ያልመጣበት የሎስ አንጀለስ ውጊያ

«ባትል ሎስ አንጀለስ»ን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ጆናታን ሊብስማን ዳይሬክት ያደረገው ፊልም ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከባሕር ወጥተው ከተማዋን ያጋያሉ። አሮን ኤክሃርት ሳጅን ሆኖ የሚተውንበት የማሪን ጓድ ደግሞ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ የተጠለሉ ሰዎችን ሊያወጣ ይላካል። ከዚያ ተኩስ፣ ሩጫ፣ አሁንም ተኩስ። ሃያሲው ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ግማሿን ብቻ ነው የሰጠው። እኔ ትንሽ እጨምርለት ነበር፤ ወታደሮቹ ሲፈሩ እውነት ይመስላሉ። (ለነገሩ ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ ሳይሆን ሉዊዚያና ነው።)

የሚገርመው ግን ስሙ ነው። «የሎስ አንጀለስ ውጊያ» የሚባል ነገር ከፊልሙ 69 ዓመት በፊት ነበር። የፊልሙ ማስታወቂያም የዚያን ዘመን የጋዜጣ ፎቶ ሳይቀር ተጠቅሞበታል።

ፌብሩዋሪ 1942 ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ሦስት ወር አልሞላም። በ23ኛው ቀን አንድ የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ ሳንታ ባርባራ አጠገብ ያለውን የኤልውድ ነዳጅ ማውጫ በመድፍ መታ። ጉዳቱ ትንሽ፣ ድንጋጤው ትልቅ ነበር። በማግስቱ ሌሊት ራዳር ከባሕሩ በኩል የሚመጣ ነገር አሳየ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ላይ ሳይረን ጮኸ፣ ከተማዋ ጨለመች። 9 ሰዓት ከ16 ላይ ጸረ አውሮፕላን መድፎቹ ተከፈቱ። አንድ ሰዓት ገደማ በቆየው ተኩስ ከ1,400 በላይ ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ። አንድም አውሮፕላን አልወደቀም፤ የሚወድቅ አልነበረማ!

ወደ ላይ የተተኮሰ ግን እዚያው አይቀርም። ፍንጣሪው ተመልሶ ቤትና መኪና ላይ ወረደ። አምስት ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፦ ሦስቱ በጨለማው በደረሰ የመኪና አደጋ፣ ሁለቱ ልባቸው ቆሞ።

ሲነጋ ደግሞ ባለሥልጣናቱ አልተስማሙም። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ፍራንክ ኖክስ ማስጠንቀቂያው የሐሰት ነበር አሉ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን በበኩላቸው እስከ 15 አውሮፕላን መጥቶ ሊሆን ይችላል አሉ። አንድ መንግሥት፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ታሪክ። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ አውሮፕላን አልላክሁም አለች። የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ቢሮም በ1983 ነገሩን የጦርነት ጭንቀት ነው ብሎ ዘጋው፤ መነሻው የጠፋ የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ሳይሆን አይቀርም፣ የአንዱ መድፍ ፍንዳታ ደግሞ ለሌላው ዒላማ መስሎታል። የዩፎ ወዳጆች ግን ሎስ አንጀለስ ታይምስ ላይ የወጣውን፣ የፍለጋ መብራቶች አንድ ቦታ የተገናኙበትን ፎቶ ይዘው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፎቶው ከመታተሙ በፊት በብሩሽ መነካካቱን ብትነግሯቸውም አይበርዱም።

ፊልሙም እነሱም የማያነሱት ሌላ ጉዳይ አለ። የከተማዋ ወደብ ውስጥ ተርሚናል አይላንድ የምትባል ደሴት ላይ 3,000 ያህል ጃፓናውያንና ጃፓን አሜሪካውያን ይኖሩ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆችና የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች። ሩዝቬልት በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ትዕዛዝ ቁጥር 9066ን ፈርመዋል፤ የደሴቲቱ ሰዎችም መልቀቃቸው እንደማይቀር ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በዚያ ሌሊት ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን መድፉ ዝም ባለበት በዚያው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 25፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ውጡ ተባሉ። አሮጌ ዕቃ ገዢዎች መንደሩን ወረሩት፤ የቤት ዕቃው በማይረባ ዋጋ ተቸበቸበ።

በፊልሙ ውስጥ ሳጅኑ ጠላት መኖሩን የሚጠራጠርበት ምክንያት የለም፤ ጠላቱ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይተኩሳል። በ1942 ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ጠላት የተባለው ደግሞ መረቡን የሚጠግን ጎረቤት ሆነ። በጦርነቱ ዘመን ካምፕ የገቡት በጠቅላላ ወደ 120,000 ይጠጋሉ፤ ከነዚህ ሁለት ሦስተኛው እዚያው የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል የወሰነው በ1988 ነው። የተርሚናል አይላንድ ሰዎች ሲመለሱ ግን መንደራቸው ፈርሶ ነበር የጠበቃቸው።