ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፦ የሥራ ሥነ ልቦና ባለሙያ ለማን ይቆማል?

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፤ ሦስቱም አዲስ አበባን ታክከው ያደጉ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ትናንት እህል ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት በነበረው መሬታቸው ላይ ዛሬ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የአበባ እርሻ ቆሟል። ለዚህ ሲባል መሬት ተለክቷል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ ብድር ተፈቅዷል። ሰውን ግን ያጠናው የለም ማለት ይቻላል። የገበሬ ልጅ ፈረቃ ሲገባ ምን እንደሚያጋጥመው፣ ለምን እንደሚቆይ፣ ለምን ጥሎ እንደሚሄድ የሚመረምር ሙያ በዓለም ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሥራና የድርጅት ሥነ ልቦና ይባላል፤ ባለሙያዎቹም በየአገሩ ማኅበር አላቸው። እንዲህ ያለ ማኅበር በእኛ አገር ዓላማው ምን ሊሆን እንደሚገባ ለመናገር፣ ሙያው የመጣበትን መንገድና ፋብሪካዎቻችን የመጡበትን መንገድ ጎን ለጎን መቃኘት ይጠቅማል።

ሙያው ወደ ፋብሪካ የገባው በአሠሪ ጥሪ ነው። ጀርመን ተወልዶ ሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ሁጎ ሙንስተርበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ ሦስት ጥያቄዎችን አንስቷል፦ ለሥራው የሚስማማው ሰው እንዴት ይመረጣል? ከሰውየው ዘንድ ምርጡ ሥራ እንዴት ይገኛል? በገበያው ላይ የሚፈለገው ውጤት እንዴት ይመጣል? ከሦስቱ አንዱም ሠራተኛው ራሱ ምን ይፈልጋል የሚል አልነበረም።

ጦርነት ሌላ ትምህርት አመጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞቿን ያለ ዕረፍት ስታሠራ ምርቱ እንደታሰበው አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ1915 የተቋቋመው የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ሰዓት ሲቀነስና እሑድ ዕረፍት ሲሆን ምርት እንደማይወድቅ፣ እንዲያውም እንደሚሻሻል አሳየ። ድካም ስንፍና አለመሆኑ በቁጥር ተረጋገጠ። በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ኤዱዋርድ ክላፓሬድ በጄኔቫ ዛሬ ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ሥነ ልቦና ማኅበር የሚባለውን መሠረተ፤ በ1921 ደግሞ ቻርልስ ማየርስ በለንደን የኢንዱስትሪ ሥነ ልቦና ተቋም ከፈተ።

እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ በሆውቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ጥናት በመብራት ድምቀት ተጀምሮ በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ አረፈ። አጥኚዎቹ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አነጋግረው ብሶታቸውን ሰሙ። ይሁን እንጂ መስማት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፤ ብሶቱ ተነግሮ ደመወዙም አሠራሩም እንደነበረ ከቀጠለ ጥናቱ ማስተንፈሻ ብቻ ነው። በ1951 የእንግሊዝ ታቪስቶክ ተቋም አጥኚዎች ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ ከከሰል ማዕድን ይዘው የወጡት ግኝት ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። አዲሱ ማሽን የቆፋሪዎቹን ትንንሽ ቡድኖች በትኖ መተጋገዛቸውን ሲያፈርስ፣ ከሥራ መቅረትና ጭንቀት በዛ። ማሽኑ ደህና ነበር፤ ማሽኑን ተከትሎ የመጣው የሥራ አደረጃጀት ግን ሰዎቹን ለያያቸው።

ማኅበራቱ የተጠናከሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1945 በሥነ ልቦና ማኅበሩ ውስጥ አንድ ክፍል የነበረው በ1982 ራሱን ቻለ፤ አውሮፓውያኑ በ1991 የጋራ ማኅበር መሠረቱ። ዓላማዎቻቸው ይመሳሰላሉ፦ ተመራማሪውንና በመስክ የሚሠራውን ማገናኘት፣ የሥልጠና ደረጃ ማውጣት፣ የሥነ ምግባር ደንብ ማስከበር። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ መራራ ትምህርት አላት። በአፓርታይድ ዘመን የሥነ ልቦና ፈተና ጥቁሩን ሠራተኛ ለዝቅተኛ ሥራ ለመመደብ አገልግሏል። በ1998 የወጣው የሥራ እኩልነት ሕግ፣ ትክክለኛነቱ በሳይንስ ያልተረጋገጠና ለሁሉም ሠራተኛ ፍትሐዊ ያልሆነ የሥነ ልቦና ፈተና እንዳይሰጥ ከለከለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ግን እስከ 1955 ዓ.ም. አልተመሠረተም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 210ም ተከትሎት መጣ። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በሰበታ የተተከለው በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ቀናት የዘለቀው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሠራተኛው ጉልበቱን ያወቀበት ነበር፤ ደርግ ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ በራሱ አምሳል ሌላ እስኪያቋቁም ድረስ። በእነዚህ ዓመታት ክርክሩ በደመወዝ፣ በሰዓትና በስንብት ላይ ነበር። ሥነ ልቦና በዩኒቨርሲቲ ቢሰጥም ከመምህራን ሥልጠና ጋር ተቆራኝቶ ቆየ፤ የፋብሪካው በር አልተከፈተለትም። በ2004 ዓ.ም. የጃፓኑን የማያቋርጥ መሻሻል አሠራር የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የሠራተኛው ሐሳብ ይጠየቅ ጀመር፤ መለኪያው ግን በዋናነት ምርትና ብክነት ነበር።

የዙሪያው ከተሞች ፍጥነት የጨመረውም በዚህ ዘመን ነው። በሰበታ ዓለም ገና አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሜታ በ2004 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለመጠጥ አምራቹ ዲያጆ ተሸጠ፤ በሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ሥራው መጣ፤ ሠራተኛው ግን አልረጋም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርከን በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች አንድ ሺህ ገደማ አመልካቾችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በፋብሪካና በእርሻ ከተቀጠሩት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በአንድ ዓመት ጊዜ ለቀዋል፤ ከባድ የጤና ችግርም በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። አሠሪው ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት "የሥራ ባህል የለም" የሚል ነው። ጥናቱ ግን የለቀቁት ሰዎች አመዛዝነው እንደወሰኑ ያመለክታል፦ ሥራው አድካሚና ለጤና አስጊ ነበር፤ ክፍያውም በራስ ሥራ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር።

ጥያቄው ከግቢ አጥርም ይሻገራል። ከሰበታ የሚነሳው የጅቡቲ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዚያው ሳምንት በዚያው ሰበታ በሕዝባዊ ተቃውሞ መካከል ፋብሪካዎች በእሳት ጋይተዋል። የተቃውሞው መነሻ ፖለቲካ ነበር፤ የመሬት ጥያቄም ከሥሩ ነበረበት። ከመሬቱ የተነሣ አባት ልጁ በዚያው መሬት ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ስለ ድርጅቱ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ የድርጅት ሥነ ልቦና ሥራ ነው፤ ንብረትን ከእሳት ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በጊዜ መጠየቁ ነው።

በቡራዩ በኩል ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። ለታመመው እንክብካቤ መኖሩ ደግ ነው፤ ሳይታመም በሌሊት ፈረቃና በአለቃ ቁጣ መካከል ለሚውለው ግን ማን አለለት? ሱሉልታ ላይ ቀነኒሳ በቀለ ባሠራው መሮጫ የሚለማመዱ አትሌቶች ዕረፍትን የልምምዱ አካል አድርገው ይቆጥሩታል። ለሯጭ እውነት የሆነው ለማሽን ሠራተኛም እውነት ነው።

እንግዲህ የማኅበሩ ዓላማ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። የኢትዮጵያ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ የሥራ ሥነ ልቦናን የሚይዝ ጠንካራ ክንድ በውስጡ ወይም በጎኑ ሊበቅል ይችላል። የመጀመሪያ ግዴታው ምስጢር መጠበቅ ነው፦ ሠራተኛው ለባለሙያው የነገረው ወደ አስተዳደር ቢሮ እንዳይሄድ የሚከለክልና የጣሰውን ከሙያው የሚያስወጣ ደንብ። ሁለተኛው የመቅጠሪያ ፈተናን መመርመር ነው፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና የደቡብ ቋንቋዎች በሚነገሩበት የማምረቻ መስመር፣ ከውጭ ተተርጉሞ ያልተፈተሸ መመዘኛ በሰው እንጀራ ላይ ሊፈርድ አይገባም። ሦስተኛው የሠራተኛ ፍልሰትንና የፈረቃ ድካምን አጥንቶ ውጤቱን ለአሠሪውም ለሠራተኛ ማኅበሩም እኩል መስጠት ነው። አራተኛው የቡድን መሪዎችንና ሱፐርቫይዘሮችን ማሠልጠን ነው፤ ሠራተኛው የድርጅቱን መልክ የሚያየው በእነሱ ፊት ላይ ነውና።

"ደመወዝ ሳይበቃ ሥነ ልቦና ምን ይሠራል?" የሚል ተገቢ ሙግት አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በሳምንት በ48 ገድቧል፣ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል፣ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ደንግጓል። የቤት ኪራይ መክፈል ላቃተው ሰው ጭንቀትን ስለመቋቋም ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ ሙያውን አዋርዷል። እውነተኛው ባለሙያ የችግሩ ምንጭ ደመወዙ መሆኑን በማስረጃ ይጽፋል፤ ማኅበሩም እንዲህ የጻፈውን ባለሙያ ከመባረር ይከላከላል። ሙንስተርበርግ ያላነሳውን ጥያቄ በነጻነት ለማንሳት አንድ ባለሙያ ብቻውን አቅም የለውም፤ ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሥራውንም ከአዳራሽ ጉባኤ ይልቅ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ፋብሪካዎች ይጀምር፤ የሚያገለግለው ሰው ያለው እዚያ ነው።