የተቋም ባህልና የመረጃ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች፦ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ

የተቋም ባህል በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ውስጥ ሥራ የሚሠራበት፣ ውሳኔ የሚሰጥበትና ሰው የሚታመንበት ያልተጻፈ ልማድ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኤድጋር ሻይን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ልማዱን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ በዓይን የሚታየው አሠራር፣ በቃል የሚነገረው መርህ፣ እንዲሁም ማንም ሳይጠይቅ የተቀበለው እምነት። የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት በብዛት የሚሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው። ኮምፒዩተርና መስመር በጨረታ ይገዛል፤ ሠራተኛው ማንን እንደሚያምንና ማንን ሳያስፈቅድ እንደማይሠራ ግን በግዢ አይለወጥም። ስታንዲሽ ግሩፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በጊዜውና በበጀቱ የተጠናቀቀው የሶፍትዌር ፕሮጀክት 16.2 በመቶ ብቻ ነበር። ከውድቀቱ ግንባር ቀደም ምክንያቶች አንዱ ሆኖ የተጠቀሰውም ተጠቃሚውን አለማሳተፍ ነው።

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ጉዳዩ ከንግድ ይጀምራል። ከጅግጅጋ እስከ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ መንገድ ከአወዳይ የተጫነ ጫት በየቀኑ ድንበር ማዶ ወዳለችው ሐርጌሳ ይሮጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሸቀጥ ይመጣል። ጫት ማደር አይወድም፤ ክፍያውም እንዲሁ። ነጋዴው የለመደው ሐዋላን ነው። ብሩን ለሐዋላ ሠሪው ያስረክባል፣ የተቀባዩን ስምና ስልክ ይናገራል፣ ሐዋላ ሠሪው ድንበር ማዶ ላለው ባልደረባው ይደውላል። ተቀባዩ ሲመጣ ስሙና ስልኩ ይታያል፤ ካጠራጠረ የሚያውቀው የጎሣው ሰው ይመሰክራል። ሁለቱ ሐዋላ ሠሪዎች ሒሳባቸውን በኋላ ይተሳሰባሉ። ክህደት ቢፈጠር ነገሩ የአንድ ሰው ዕዳ ሆኖ አይቀርም፤ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ጎሣም ይጠየቅበታል።

ሐርጌሳ ላይ ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ዛድ የሚባለውን የሞባይል ገንዘብ ሲጀምር የተተከለው በዚህ መሬት ላይ ነው። በጅግጅጋም የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ገደማ ሄሎካሽ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ ተራ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ምርጫዎቹ በሶማሊኛም ይወጣሉ። ወኪሉ ባለሱቅ ነው። ደንበኛው ስኳር በሚገዛበት ባንኮኒ ላይ ብሩን ይሰጣል፣ ባለሱቁ ከራሱ ሒሳብ ያስተላልፍለታል፣ መልእክቱ ስልኩ ላይ ይደርሳል። አዲስ የመጣው መሣሪያው ነው፤ በሚያውቁት ነጋዴ እጅ ገንዘብ ማስቀመጥ ግን የቆየ ነው። ተቋሙ ብድሩንም ከወለድ ነፃ ማድረጉ ከማኅበረሰቡ እምነት ጋር አስማምቶታል። በአንዳንድ ወረዳዎች በሴፍቲኔት የታቀፉ አርብቶ አደሮች የጥሬ ገንዘብ ድጋፋቸውን በዚሁ መንገድ ተቀብለዋል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላ ዓለም ነው። እዚያ መረጃ የሚጓዘው በደብዳቤ ነው፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለታል፣ ኃላፊው ይመራበታል፣ ፊርማና ማኅተም ካላረፈበት ማንም አይሠራበትም። ይህ ልማድ ቁም ነገር አለው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠበቀው በፊርማ ተጠያቂነት ነው። ሆኖም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ከዚሁ ጋር ተጋጭቷል። ከ600 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይትና በመስመር ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት የታሰበው ይህ መረብ ድምፅ፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ይዞ ቢመጣም በይበልጥ የታወቀው በቪዲዮ ስብሰባው ነው። ምክንያቱ አያስገርምም፤ ከላይ ሰብስቦ መመሪያ መስጠት ቢሮው ቀድሞም የሚያውቀው ሥራ ነበር። የወረዳ ባለሙያ በራሱ ተነሣሽነት ለሌላ ወረዳ ባልደረባው እንዲጽፍ ግን ማንም ሥልጣን አልሰጠውም፤ የኢሜይል አድራሻ ማደል ብቻውን ያንን ሥልጣን አይሰጥም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄደው የመንግሥት ፋይናንስ ማሻሻያው ነው። በዩኤስኤይድ ገንዘብና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ ለ12 ዓመታት ያህል የተካሄደውን ፕሮጀክት የመሩት ስቲቨን ፒተርሰን ነበሩ። ፒተርሰን በ1998 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቢሮክራሲዎች የቴክኖሎጂ ማሻሻያ ለምን እንደሚከሽፍ ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ሥራው የቆየውን የቁጥጥር ሥርዓት ከማፍረስ ይልቅ ደረጃ በደረጃ ማሻሻልን መረጠ፤ የሒሳብ አያያዙ ወደ ሁለት ወገን ምዝገባ ተሸጋገረ፣ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኞች በማኑዋል ሠለጠኑ። አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሶፍትዌርም ባለሙያው የሚያውቀውን አሠራር ተከትሎ ተሠራ። ሥራው አዝጋሚ ነበር፤ ፋይዳው ግን ሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘው የራሱን ሥራ መሆኑ ነው።

ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ፣ የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ከወለድ ነፃ ሙሉ ባንክ ሆኖ ሸበሌ ባንክ ተብሏል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ጅግጅጋ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ በኋላም ኤምፔሳ የሞባይል ገንዘብ ገበያውን ተቀላቅለዋል። ባንክ መሆን የቅርንጫፍ ፎርም፣ የዋስትና ሰነድና የማጽደቂያ ሰንሰለት ይጨምራል። ባለሱቁ ወኪል ደንበኛውን በፊቱ አውቆ የሚያስተናግድበት ፍጥነት በዚህ መካከል እንዳይጠፋ መጠበቅ ያለበት የባንኩ አመራር ነው።