«አምላክ» እና «እግዚአብሔር»፦ ሁለቱ የዕብራይስጥ ስሞች በአማርኛ

የዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ፈጣሪን በልዩ ልዩ ስሞች ይጠራል። ዋነኞቹ «ኤሎሂም» እና ብዙ ሊቃውንት «ያህዌ» ብለው የሚያነቡት ባለ አራት ፊደሉ ስም ናቸው። የመጀመሪያው ለአሕዛብ አማልክትም የሚነገር የወል ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው ኦሪት ዘጸአት 3፥14 «ሆነ፣ ኖረ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚያዛምደው የተጸውዖ ስም ነው። አይሁድ ይህን ስም ከማክበር የተነሣ መጥራቱን ትተው በንባብ ጊዜ «አዶናይ» ማለትም «ጌታዬ» ይላሉ። የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉምም በአብዛኛው ይህን ስም «ኪርዮስ»፣ ኤሎሂምን «ቴዎስ» እያለ ለይቷቸዋል።

ከግሪኩ የተተረጐመው የግእዝ መጽሐፍ ግን ሁለቱንም አዘውትሮ «እግዚአብሔር»፣ ማለትም «የዓለም ጌታ»፣ በሚለው አንድ ቃል አጠቃለላቸው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዘፍጥረት 1፥1 ብቻውን የቆመውን «ኤሎሂም» «እግዚአብሔር» ይለዋል፤ በ2፥4 ሁለቱ ስሞች ሲጣመሩ ግን «እግዚአብሔር አምላክ» ይላል። ስለዚህ ከአማርኛው ብቻ የሚነሣ ተርጓሚ የዕብራይስጡን ስም ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

በእኛ አስተያየት ለ«ኤሎሂም» በቅርጽም ጭምር የሚስማማው «አምላክ» ነው። «ኤሎሂም» የብዙ ቁጥር ቅርጽ ይዞ በነጠላ ግሥ ይታሰራል፤ «አምላክ»ም «ፈረስ» «አፍራስ» በሚባልበት የግእዝ የብዙ ቁጥር ቅርጽ ተቀርጾ ለነጠላ ያገለግላል፤ ለብዙው «አማልክት» ይባላል። ነባሩ ንባብ ይለወጥ አንልም፤ በመዝገበ ቃላትና በኅዳግ ማስታወሻ ግን የእያንዳንዱ ስም ምንጭ እንዲገለጽ እናሳስባለን።