ይቅር ባይ ዱላ

በጎልፍ ተጫዋቾች ዘንድ «ይቅር ባይ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ዱላ አለ። ተጫዋቹ ኳሷን በዱላው ራስ መሐል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ቢመታት እንኳ ጥቂት ታጥርበታለች፣ ጥቂት ትጣመምበታለች እንጂ ጨርሳ ከመንገዷ አትወጣም። ጥፋቱን ዱላው ይሸከምለታል። ይህን አነጋገር መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በእኛ ዘንድ ይቅር ማለት የእግዚአብሔርና የሰው ነው፤ «ዱላ» ሲባል ግን ከዕቃው ቀድሞ የሚታየን ምቱ ነው። ከዚህ ቃል ተነሥቼ የዱላን ታሪክ ጥቂት ላወጋችሁ ወደድሁ።

ጎልፍ ያረጀ ጨዋታ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1457 ጎልፍንና እግር ኳስን ከልክሎ ነበር፤ ጎልማሳው የቀስት ልምምዱን ትቶ በጨዋታ ተጠመደ በሚል ስጋት። ክልከላው አልጸናም። በ1502 ንጉሥ ጄምስ 4ኛ ራሱ ከፐርዝ ከተማ ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላ ገዛ። ዱላው የተገዛው ከቀስት ሠሪ መሆኑ አይገርምም፤ ሁለቱም ሥራዎች እንጨት የሚያውቅ እጅ ይፈልጋሉ። በረጅም ዘመን ውስጥ የብረት ራስ ያላቸው ዱላዎች በዙ፤ በ1920ዎቹ ዘንጉም ከእንጨት ወደ ብረት መለወጥ ጀመረ። በ1938 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር አንድ ተጫዋች ይዞት የሚገባው ዱላ ከ14 እንዳይበልጥ ወሰነ። ዱላ መምረጥ የምር ጭንቀት የሆነው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል፤ አንዱን ለመጨመር ሌላውን ማውጣት ግድ ሆነና።

ከእነዚህ ሁሉ ሰውን የሚያስመርረው ረጅሙ ብረት ነው። ቁጥር 2፣ ቁጥር 3 እየተባለ የሚጠራው ይህ ዱላ ራሱ ቀጭን፣ ፊቱም ቀጥ ወደ ማለት የቀረበ ነው። መሐሉን ያላገኘ ሰው እጁ በንዝረት ይቀጣል፤ ኳሷም ከመሬት እምብዛም ሳትነሣ ትቀራለች። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ፤ የዱላው ራስ ክብደት ከመሐል ተነሥቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ቢሄድ፣ ኳሷ ጠርዙን ስታገኘው ዱላው በእጅ ውስጥ አይዞርም። ሐሳቡን መጀመሪያ የሞከረው ኳስን ወደ ጉድጓድ በሚያስገባው ዱላ ላይ ነበር፤ በኋላ ወደ ብረቶቹም ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮብራ የተባለው ኩባንያ «ባፍለር» የሚል ዱላ ይዞ መጣ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ የእንጨቱን ሰፋ ያለ ራስ ከብረቱ አጠር ያለ ዘንግ ጋር ያጋባው «ሃይብሪድ» ተስፋፋ። «ድቅል ዘር» እንደምንለው «ድቅል ዱላ» ልንለው እንችላለን። («ዲቃላ» ማለትስ ስድብ ሆነብኝ።)

ድቅሉ ዱላ ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስላለ ኳሷን በቀላሉ ያነሣታል፤ ሰፊ ታችኛው ክፍሉም ሣሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ መሬት አይቆፍርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮሪያዊው ያንግ ዮንግ ኡን ታይገር ውድስን አሸንፎ የፒጂኤ ሻምፒዮናን ሲወስድ፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ከ180 ሜትር በላይ ርቀት ኳሷን ባንዲራው አጠገብ ያሳረፈው በእንዲህ ዓይነቱ ዱላ ነበር። ደካሞች ብቻ ይይዙታል የሚል ንቀት ከዚያ በኋላ ቦታ ያለው አይመስለኝም።

አመራረጡ እንደሚያስፈራ አይደለም። በዱላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ከቦርሳ የሚወጣውን ብረት ርቀት መመልከት ነው፤ ድቅሉ ቁጥሩ ከሚመስለው ብረት ብዙ ጊዜ ጥቂት ይርቃልና። ክንዱ ላልፈጠነ ሰው ቀለል ያለና የሚለመጥ ዘንግ ይሻለዋል። የራሱን ስፋት በተመለከተ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ሰፊው ራስ ይበልጥ ይቅር ይላል፤ ነገር ግን ኳሷን ሆን ብሎ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ማጠፍ ለሚፈልግ ብልህ እጅ እምብዛም አይታዘዝም። ስሕተትን የሚውጥ ዱላ ጥበብንም ይውጣል፤ ስለዚህ ነው ሊቃውንቱ ጠበብ ያለውን የሚመርጡት።

ነገሌ ቦረና ተቀምጬ ይህን መጻፌ ሊያስቅ ይችላል። ጎልፍ ወደ አገራችን ገብቷል፤ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሳይቀር ሜዳ አለው። እኔ ግን እዚህ ቆላ የጎልፍ ዱላ የያዘ ሰው ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። ዱላስ ሞልቷል። ወደምሠራበት ባንክ የሚመጡ አባቶች ዱላቸውን ደጃፍ ላይ ለጥበቃው ትተው ይገባሉ፤ ሲወጡ ከተደረደረው መካከል የራሳቸውን ሳያዩ ያነሡታል። እጃቸው ያውቀዋል።

ለጎልፍ በመልክ የሚቀርበው የእኛ ጨዋታ ገና ነው። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፣ ጨዋታውም ከዚያ መጣ ይባላል። በዓሉ ሲቃረብ የደጋ ልጆች ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ ጠንካራ እንጨት ፍለጋ ይወጣሉ፤ ወይራ ከተገኘ እሰየው። ቆልማማው ከበዛ ዱላው መሬት ይቆፍራል፤ ካነሰ ሩሯ አምልጣ ታልፋለች። የሃይብሪድ ሠሪዎች በቤተ ሙከራ የደከሙበትን ጥያቄ እረኛው ዛፍ ሥር ቆሞ በዓይኑ መጥኖ ይፈታዋል። ያም ሆኖ የገና ዱላ ይቅርታ አያውቅም። ሩሯ ከእንጨት ተጠርባ የተድበለበለች ናት፤ ቅልጥም ስታገኝ ታስነክሳለች። ዱላውም ሩሯን ስቶ ሰው ያገኛል።

ይቅርታው ያለው በጨዋታው ሥርዓት ውስጥ ነው። በዚያች ዕለት ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ ጌታ ቢመታ መቆጣት ነውር ነው። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም እየሰደበ ሲጨፍርም ተሸናፊው ሰምቶ ያልፋል። ኖርዌይ የተወለደው መሐንዲስ የዱላውን ክብደት ከመሐል ወደ ጫፍ ሲያዞር፣ የእኛ አባቶች የማዕረግን ክብደት ለአንድ ቀን ከትከሻ ላይ አወረዱ። እኔ የአባቶቼን ፈጠራ አደንቃለሁ፤ «ለአንድ ቀን» የምትለዋ ቃል ግን ታስጨንቀኛለች።

ነገሌ ይህን ጭንቀት የምታውቅ ከተማ ናት። በ1966 ዓ.ም. ገና ታኅሣሥ 29 ዋለ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጥር 4፣ እዚህ የሠፈረው ጦር ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የማይበላ ነበር፤ የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ የራሳቸውን አናካፍልም አሉ። በዚህ ቆላ ውኃ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው መንገር አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በየካቲት አመፁ ወደ አስመራና ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች የአብዮቱን መነሻ ሲቆጥሩ የነዳጁን ዋጋ፣ የወሎን ረኀብ፣ የመምህራንን ቅሬታ ይጠቅሳሉ፤ ልክ ናቸው። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ የውኃ መሳቢያ ነው። ታኅሣሥ 29 ቅልጥሙን ተመትቶ የማይቆጣ ጌታ ያፈራ ሥርዓት፣ ጥር 4 አንድ ባልዲ ውኃ ማካፈል አልቻለም።

በእነዚሁ ዙሪያችን ባሉ ሰዎች ዘንድ ግን ይቅርታን ለአንድ ቀን ያልተወ ዱላ አለ። በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጇ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጭን በትር ናት። (ዛሬ በስሟ የሚጠራ ባንክ አለ፤ የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና ስሙን ያወጣው ሰው ከሁላችንም በለጠ።) ሚስት ከተበደለች ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ እልል ትላለች፤ ድምፁን የሰሙ ሴቶች የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይከተሏታል፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣውን ሰጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ወንዶች ሲጣሉም ሴቶቹ በመካከል ሲንቄያቸውን ይዘው ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ ያንን አልፎ የሚማታ ሰው የተወገዘ ነው። በበትሯ ማንም አይመታባትም። ስትመረጥም ጫፏ የቆለመመ አይሆንም፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለችው ብቻ ናት ሲንቄ የምትሆነው።