የጆሮ ጌጥና የወርቅ ጥጃ፦ ዝናና ገንዘብ ተናጋሪን እንዴት ይሠሩታል?

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 32፥1-6 እና 21-35፤ 1ኛ ሳሙኤል 12፥1-5፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥3-4

ሙሴ በተራራው ላይ በዘገየ ጊዜ ሕዝቡ በአሮን ላይ ተሰበሰበ። ጥጃውን አሮን አላሰበውም። ጥያቄው የመጣው ከሕዝቡ ነው፤ ወርቁም የመጣው ከሕዝቡ ነው። ወርቁ ከየት እንደ ወጣ ልብ በሉ፤ ከጆሮ ነው። የጆሮ ጌጦች ቀልጠው ጥጃ ሆኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ጆሯቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች የሚወዱትን የሚነግሯቸውን መምህራን ለራሳቸው እንደሚያከማቹ አስጠነቀቀው። በሁለቱም ቦታ ሰሚው ተናጋሪውን ሲሠራው እናያለን።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ይህንን እውነት በሳይንስ ስም በሚናገሩ ሰዎች ታሪክ ውስጥ እንከተለዋለን። በየቤተሰቡ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድን «ሐኪሞች የደበቁት እውነት» የሚሉ ቪዲዮዎች ይዞራሉ። ወላጆችም «ፓስተር፣ ልጃችንን እናስከትብ ወይስ እንተወው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጉዳዩ የልጅ ሕይወት ስለሆነ «እንጸልይበት» ብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራዲዮው ሐኪም

ነገሩ በኢንተርኔት አልተጀመረም። በ1910ዎቹ መጨረሻ ጆን ብሪንክሊ የሚባል ሰው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የፍየል ዘር ፍሬ በሰው ላይ በቀዶ ሕክምና መትከል ጀመረ። ለደከመ ወንድ ጉልበት ይመልሳል ተባለ። ዋጋው 750 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። የሕክምና ዲፕሎማውን ያገኘው የረባ ትምህርት ሳይሰጥ ዲፕሎማ ከሚሸጥ ተቋም ነበር።

ብሪንክሊን ከአንድ መንደር አታላይ የለየው በ1923 የከፈተው የራዲዮ ጣቢያ ነው። ዘፈን ያሰማ ነበር፤ በመካከሉ ራሱ ይናገራል። ሕመምተኞች የጻፉለትን ደብዳቤ በአየር ላይ እያነበበ፣ ፊታቸውን ሳያይ መድኃኒት ያዝዛል። መድኃኒቶቹ የሚጠሩት በቁጥር ሲሆን፣ እነዚህን ቁጥሮች የሚሸጡ ፋርማሲዎች ከሽያጩ ድርሻውን ይልኩለት ነበር። እንግዲህ አድማጭ በበዛ ቁጥር ደብዳቤ ይበዛል፤ ደብዳቤ በበዛ ቁጥር ገንዘብ ይበዛል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ይዞ «ወገኖቼ፣ ይህ ሕክምና አይሠራም» ሊል የሚችልበት መንገድ አለ? ቢል የሚያጣው ቤቱን፣ ክሊኒኩንና ስሙን ነው።

በ1930 የካንሳስ የሕክምና ቦርድ ፈቃዱን ነጠቀው፤ በዚያው ዓመት የራዲዮ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀረ። በዚህ ያበቃል ብለው ያሰቡ ተሳሳቱ። ብሪንክሊ እገዳውን የክብሩ ማረጋገጫ አደረገው። «ባለሥልጣናትና ሐኪሞች የሚያሳድዱኝ እውነት ስለያዝኩ ነው» የሚል ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት ለግዛቲቱ ገዥነት ተወዳደረ፤ ስሙ በድምፅ መስጫው ላይ ሳይኖር ከ180 ሺህ በላይ ሰዎች በእጃቸው ጽፈው መረጡት። ከዚያም ከአሜሪካ ሕግ ውጭ፣ በሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ከቀድሞው የበለጠ ኃይለኛ ጣቢያ አቆመ።

የወደቀው በራሱ ክስ ነው። ሞሪስ ፊሽባይን የተባለ ሐኪም አታላይ ብሎ ስለጻፈበት ስም አጠፋኝ ብሎ ከሰሰው፤ በ1939 ተረታ። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ሕመምተኞቹ ከሰሱት፤ በ1941 ኪሳራውን አሳወቀ፤ በ1942 ሞተ። በእጁ የሞቱትና አካላቸው የተጎዳው ሰዎች ግን ክስረቱ አልካሳቸውም።

የተማረው ሐኪም

አንዳንዱ «ብሪንክሊ እኮ ያልተማረ ነበር» ይል ይሆናል። አንድሩ ዌክፊልድ ግን የተማረ ነበር፤ በለንደን ታዋቂ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪምና ተመራማሪ። በየካቲት 1998 እርሱና ባልደረቦቹ በታላቁ የሕክምና መጽሔት በላንሴት ላይ ስለ 12 ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያለውን ግንኙነት እንዳላረጋገጠ ራሱ ይናገር ነበር። ዌክፊልድ ግን ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት ጥምር ክትባቱ ቀርቶ ክትባቶቹ ለየብቻ እንዲሰጡ መከረ። ወረቀቱ የተጠነቀቀውን ያህል ማይክሮፎኑ አልተጠነቀቀም።

በኋላ ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ቆፍሮ ያወጣው ነገር ብዙዎችን አስደነገጠ። ዌክፊልድ ጽሑፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ በሚዘጋጅ ጠበቃ ተቀጥሮ ነበር፤ በጠቅላላው ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፍሎታል። በ1997 ደግሞ ለብቻው ለሚሰጥ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት አመልክቶ ነበር። አንባቢ ይህን አያውቅም ነበር። በ2004 ከአብረውት ጸሐፊዎች 10ሩ ከድምዳሜው ራሳቸውን አገለሉ። በ2010 ላንሴት ጽሑፉን ሰረዘ፤ የብሪታንያ የሐኪሞች ምክር ቤትም ታማኝነት የጎደለው ሆኖ ስላገኘው ከሐኪሞች መዝገብ አስወጣው። ከተረጋገጠበት አንዱ፣ በልጁ የልደት በዓል ላይ ለመጡ ሕፃናት አምስት አምስት ፓውንድ ሰጥቶ ደም ማስቀዳቱ ነው።

ታዲያ ዝም አለ? አላለም። ወደ አሜሪካ ሄዶ አዲስ ጉባኤ አገኘ፤ በ2016 ፀረ ክትባት ፊልም አወጣ። እንደ ብሪንክሊ ሁሉ እገዳው ለተከታዮቹ የሰማዕትነት ማኅተም ሆነ። በሌላ በኩል በዴንማርክ ብቻ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ላይ ተደርጎ በ2019 የወጣ ጥናት ጥምር ክትባቱ የኦቲዝምን አደጋ እንደማይጨምር አሳየ። ይህን ጥናት ግን ስንቶቻችን ተላልከነዋል? «አደጋ የለውም» የሚል ዜና ጆሮ አያሳክክም።

የዚህ ዋጋ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩበት በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ዌክፊልድና ሌሎች የክትባት ተቃዋሚዎች የኦቲዝም ጭንቀት የያዛቸውን የሶማሌ ወላጆች አነጋገሩ። በ2004 ከዚያ ማኅበረሰብ ሕፃናት 92 በመቶ የሚሆኑት ይህን ክትባት ወስደው ነበር፤ በ2014 ቁጥሩ ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባ፤ 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። ኩፍኝ ምን እንደሆነ ለአበሻ እናት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁሉም ተቃዋሚ ሐሰተኛ ነው?

አይደለም፤ ይህን መናገር ፍትሕ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለት ዋና መነሻ ጭንቀት ሳይሆን ባክቴሪያ ነው ብለው ሲናገሩ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ታመመ። ከዚያም የሆነውን ጽፎ፣ ሌሎች ሐኪሞች እንዲፈትሹት አቀረበ። ፈተሹት፤ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ዛሬ በአገራችን ክሊኒክ «ኤች ፓይሎሪ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት የሚታዘዝልን ከእነርሱ ድካም የተነሣ ነው።

የመድኃኒት ኩባንያዎችም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደሉም። ኦክሲኮንቲን የተባለውን ማስታገሻ የሸጠው ፐርዱ ኩባንያ በ2007ም በ2020ም በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። ስለዚህ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ልዩነቱ ማርሻል የጠጣው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ ብሪንክሊ ግን ያጠጣው ሌላውን መሆኑ ነው። ማርሻል ለመፈተን ቀረበ፤ ሌሎቹ ከፈተና ሸሽተው ወደ ጭብጨባ ሄዱ።

የዛሬው እቶን

ዩቲዩብ በ2007 ከማስታወቂያ ገቢው ለቪዲዮ ሠሪዎች ማካፈል ጀመረ። በ2012 ደግሞ ሰው ቪዲዮውን ከመክፈቱ ይልቅ ስንት ደቂቃ እንደቆየበት ይመዝን ጀመር። እንግዲህ አንድ የተማረ ሰው ሚዛናዊ ትምህርት ሲያቀርብ ጥቂቶች ያዩታል። አንድ ቀን «የማይነግሯችሁ ምስጢር» ሲል መቶ ሺዎች ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ማስታወቂያው ይከተላል፤ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ የቪታሚን እንክብልና መዋጮ ይመጣል። ከእንግዲህ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ደመወዝን መተው ነው። ምናልባት ሲጀምር አልዋሸም። ግን እንደ በለዓም የዓመፃን ደመወዝ መውደድ ከጀመረ፣ አህያይቱ ብትናገርም አይሰማም።

ለእኛ የሚሆን መመዘኛ

1. ሳሙኤል ሲያረጅ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ራሱን ለምርመራ አቀረበ። የምትሰሙት ሰው የሚከፍለው ማን እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል? ከቪዲዮው በታች የሚሸጠው ነገር አለ?

2. በምሳሌ 18፥17 መሠረት በክርክር ቀድሞ የተናገረ ጻድቅ ይመስላል፤ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ። እናንተስ ባልንጀራውን ሰምታችኋል?

3. ተናጋሪው ተከታዮቹን ያስከፋ እውነት ተናግሮ ያውቃል? ጳውሎስ በገላትያ 1፥10 ሰውን ደስ ማሰኘትና የክርስቶስ ባሪያ መሆን አብረው እንደማይሄዱ ያስረዳል።

እነዚህ መመዘኛዎች ለእኛ ለመድረክ አገልጋዮችም ናቸው። ላይክና ተመልካች የሚቆጥር ሰባኪ፣ ትንቢቱን ለቀጥታ ስርጭት የሚያሞቅ ነቢይ፣ በዚያው እቶን ፊት ቆሟል።

አሮን ሲጠየቅ ወርቁን በእሳት ጣልሁት፣ ጥጃውም ወጣ አለ፤ በራሱ የወጣ አስመሰለው። የዘጸአት 32 መጨረሻ ግን ጥጃውን አሮን እንደሠራው፣ ሕዝቡም እንደሠሩት በአንድ ቁጥር ይናገራል። ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው። እኛ የምንሰጠው የጆሮ ወርቅ ደቂቃችን፣ ላይካችንና «ለሁሉም አስተላልፉ» የምንለው ነው። ዛሬ አንድ መልእክት ከመላካችሁ በፊት ጌጡን ከጆሯችሁ ከመንቀል ቆም በሉ። ስለ ልጃችሁ ጤና ልጁን በዓይኑ የሚያየውን ሐኪም ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁት፤ ጸልዩም።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የምንወደውን ብቻ ከሚፈልግ ጆሮ አድነን። ለሚናገሩት ታማኝነትን፣ ለምንሰማው ማስተዋልን ስጠን። ልጆቻችንን ጠብቅልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።