የመኪና መክፈቻና ውርጭ

በግእዝ መርኆ የሚባለውን እኛ ቁልፍ ወይም መክፈቻ እንለዋለን፤ ሠዓሊዎቻችንም ቅዱስ ጴጥሮስን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥሉት ይህንኑ መርኆ በእጁ ያስይዙታል። ቁልፍ ከጥንት ጀምሮ በእጅ የሚያዝ፣ በቀዳዳ የሚገባና የሚዞር ብረት ነበርና፣ ከባለቤቱ ኪስ ሳይወጣ በር የሚከፍት መርኆ ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ከመጣም በኋላ ብርድ ሲይዘው እንደ ሰው ድምፁ ይዘጋል ያለ አልነበረም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካው ሚኒሶታ፣ በጥር ወር ማለዳ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በወረደበት ዕለት፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ያገሬ ሰው ከመኪናቸው አጠገብ ቆመው ሪሞቱን ደጋግመው ሲጫኑ አየሁ። (እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ይታየናል፤ የዚያ አገር ክረምት ግን ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ነው።) መብራቷ ብልጭ አላለም፤ መቀርቀሪያዋም ቀጭ አላለም። ጎረቤታቸው የሆነ ወጣት ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ብብትዎ ውስጥ ያቆዩት» አላቸው። እሳቸውም፣ «እንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ አደረግኸኝ እኮ!» እያሉ ታዘዙት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መኪናዋ መለሰችላቸው።

ይህ ነገር አባት አለው። አውቶሞቢል በተጀመረበት ዘመን ባለመኪናው ከብርድ ጋር የሚታገለው በሞተሩ በኩል ነበር፤ በውርጭ የረጋውን ዘይት እያሸነፈ ሞተሩን በእጁ ሲያዞር፣ ማዞሪያው ብረት ወደ ኋላ ተመልሶ ክንዱን የሚሰብርበት ጊዜ ነበርና። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው፣ በእጅ ፈንታ ሞተሩን የሚያዞር ሞተሪኖ በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ሲገጠም ያ መከራ እየቀለለ ሄደ፤ ትግሉም ወደ በሩ ተዛወረ። ቀን ቀልጦ በቁልፉ ቀዳዳ የገባው ውሃ ሌሊት ሲረጋ፣ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የናስ ጥርሶች አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ የሰሜን ሰዎች ቁልፉን በክብሪት እሳት አግለው ወደ ቀዳዳው መስደድን፣ ወይም አልኮል ጠብ ማድረግን ተማሩ።

ከዚያ በኋላ ጥበበኞች ሁሉ የተሽቀዳደሙት እጅን ከብረቱ ለማራቅ ነው። ፎርድ በ1980 በአንዳንድ መኪናዎቹ በር ላይ አምስት የቍጥር መጫኛዎች አኖረ። በ1982 ሬኖ፣ ፖል ሊፕሹትዝ የፈለሰፈውን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ መክፈቻ በፉዌጎ መኪናው ላይ አወጣ፤ ፈረንሳዮችም እስከ ዛሬ ሪሞቱን ከሰውዬው ስም አሳጥረው «ፕሊፕ» ይሉታል። ለአንድ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ሐውልት ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ብርሃን የሚጋርደው ነገር ሲያገኝ ይደክማልና፣ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ሥራውን ለሬዲዮ ሞገድ ሰጡት፤ በአሜሪካ 315፣ በአውሮፓ 433.92 ሜጋ ኸርዝ ተለመደ። በ1993 ደግሞ የሼቭሮሌ ኮርቬት ባለቤቱ መጫኛ ሳይነካ፣ ሲቀርብ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ከዚህ ወገን በሆኑት የዛሬ መኪናዎች፣ እጀታው ሲነካ መኪናዋ በዝግታ ሞገድ ትጣራለች፤ በኪስ ያለው ቁልፍም ከእንቅልፉ ነቅቶ በምሥጢር ቍጥር ይመልሳል።

የጥሪውና የመልሱ ሥርዓት ሁሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደገፈው 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ቮልት ኃይል ባላት፣ ሳንቲም በምታህል የሊትየም ባትሪ ላይ ነው። ብርድ በውስጧ ያለውን ኬሚካዊ ሥራ ያዘገየዋል፤ ሬዲዮው ድንገት ኃይል ሲጠይቃት ቮልቷ ይወርዳል፤ ሙቀት ስታገኝ ግን ታገግማለች። ብብት ውስጥ የተደረገው ተአምር ይኸው ነው። በበጋ ያረጀች ባትሪ እርጅናዋን የምትናዘዘው በውርጭ ነውና፣ ብልህ ሰው በመከር ወራት ይለውጣታል።

ጥፋቱ ሁሉ የሪሞቱ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሁለተኛው ቁልፍም እንደ መጀመሪያው ዝም ካለ የመኪናዋን ባለ 12 ቮልት ባትሪ መጠርጠር ይገባል፤ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ በሩ እንቢ ካለም የበሩ ጎማ ከብረቱ ጋር ተጣብቋልና፣ በሩን ዙሪያውን በመዳፍ ጫን ጫን እያደረጉ በረዶውን መስበር እንጂ ሪሞት መቀጥቀጥ አይረዳም። የፈላ ውሃ የሚደፉም አሉ፤ መስተዋቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም ወዲያው በረዶ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ ብረትን ለማስቀረት የደከሙት ሰዎች ራሳቸው ብረቱን በሪሞቱ ሆድ ውስጥ መደበቃቸው ነው። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፋ ሲያደርጓት ቀጭን የቁልፍ ምላስ ይወጣል። ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላም በብዙ መኪናዎች ባትሪው የሞተውን ሪሞት ከሞተር ማስነሻው አጠገብ ቢያስጠጉት፣ መኪናዋ በማግኔት ኃይል በቅርብ ታነበዋለች። የበሩ ቀዳዳ ግን በብዙዎቹ ላይ ከእጀታው ጋር በተሠራች ክዳን ሥር የተሸፈነ ነው፤ ዓመታት የነዱት ሰዎች እንኳ መኖሩን የሚያውቁት በዚያ በጨነቃቸው ማለዳ ነው። ክዳኗን በጥፍራቸው ፈልቅቀው፣ ቀዳዳውን በረዶ ሞልቶት ሲያገኙት፣ ምላሱን ከሪሞቱ ለይተው በጓንት ይዘው ክብሪት ይፈልጋሉ።