ዘጠኝ ወር ስንት ቀን ነው?

እስኪ ውድ አንባቢያን፣ ለአንድ አፍታ ሒሳብ እንሥራ። እርግዝና ስንት ቀን ነው? «ዘጠኝ ወር!» ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እኛም እንደዚያው ነበር የምንለው። ግን ዘጠኝ ወር በማን አቆጣጠር? በፈረንጆቹ ከሆነ አንዱ ወር 28፣ ሌላው 31 ቀን ነው። በእኛ ከሆነ ሠላሳ ሠላሳ እያለ በሰላም ይሄድና ጳጉሜን ላይ ይደናቀፋል።

ነገሩ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ከደምበጫ ገጠር የምትመጣ አንዲት ነፍሰ ጡር መቼ ከቤቷ ወጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መጠጋት አለባት? የተወለደው ቀጭን ልጅ ያለ ወሩ የመጣ ነው ወይስ ወሩን ጨርሶ የከሳ? መልሱ የሚገኘው ከዚህችው ሒሳብ ነው።

ደምበጫን ለማታውቁ፦ ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። ጎጃም ሲባል ሁላችንም ቅኔ ትዝ ይለናል። ጎጃም ግን የቁጥርም አገር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረው መሪጌታ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ የዓመቱን ጾምና ፋሲካ ቁጭ ያደርግላችኋል።

ይኸው የቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ስለ እርግዝናም የሚለው አለው። ብሥራት መጋቢት 29 ነው፤ ልደት ደግሞ ታኅሣሥ 29። እመቤታችን ጌታን በማኅፀኗ የተሸከመችው «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ነው የሚባለው ከዚህ ነው፤ ዘጠኙ ወር 270 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በድምሩ 275። ጳጉሜን 6 ስትሆንስ? ያን ጊዜ ገና ወደ ታኅሣሥ 28 ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2016ን ገና በ28 አከበርን። ድምሩ እንዳይዛባ አንዷ ቀን ከዚህ ተነሳች። አያቶቻችን ጳጉሜን ከእርግዝና ቆጠራ ውስጥ ረስተዋት አያውቁም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀርመን እንሻገር። በሃይደልበርግ ከተማ ፍራንዝ ካርል ኔጌሌ (እ.ኤ.አ. 1778–1851) የሚባል የማዋለድ ሐኪም ነበር። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ደንብ በስሙ ይጠራል፦ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ሦስት ወር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ሰባት ቀን ጨምሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ቀን የመውለጃዋ ቀን ነው። ሐሳቡ 280 ቀን ነው። የእኛው 275 ከፅንሰት ይቆጥራል፤ የኔጌሌው 280 ከወር አበባ። በወር አበባና በፅንሰት መካከል ሁለት ሳምንት ያህል ስላለ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ይህን ደንብ ግን እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ የእኛ የጤና ተማሪዎች በአገር ልክ ተሰፍቶ ይማሩታል፦ ዘጠኝ ወር ቁጠርና ዐሥር ቀን ጨምር። መንገድ ላይ ጳጉሜን ካለች ዐሥሩን ትተህ አምስት ጨምር። ጳጉሜን 6 ከሆነች አራት።

እንበልና አንዲት ሴት የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ሰኔ 12፣ በሚካኤል ዕለት ነው። ዘጠኝ ወር ስንቆጥር መጋቢት 12፤ ጳጉሜንን ስላለፍን አምስት ስንጨምር መጋቢት 17። በኔጌሌም ሞክሩት፦ ሰኔ 12 በፈረንጆቹ ጁን 19 ነው፤ የሚወጣው ማርች 26። እሱስ በእኛ ስንት ነው? መጋቢት 17! እንዲያውም የእኛው ሁልጊዜ 280 ላይ ሲያርፍ የፈረንጆቹ እንደ ወሮቹ እርዝመት ከ280 እስከ 283 ይዋልላል። ጳጉሜንን የረሳ ባለሙያ ግን መጋቢት 22 ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፋል። አምስት ቀን በነጻ ጠፋ።

አምስት ቀኑ ይሁን፤ ትልቁ ጉድለት ግን ወር ከወር የሚሆነው ነው። «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ተብላ ተጠይቃ ቀን በቁጥር የምትናገር የገጠር እናት ስንት ናት? ጡት እያጠባች የወር አበባዋ ሳይመለስ የፀነሰችም አለች። የእርግዝና መከላከያ መርፌ ወስዳ አበባዋ የተዛባባትም አለች። እነዚህ ቢጠየቁም የሚናገሩት ቀን የላቸውም፤ ጥፋታቸውም አይደለም። ሌላዋ ደግሞ ቀኑን ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን በቁጥር ሳይሆን በዝክር ነው። «ቀኑ ስንት ነበር?» ሲሏት «እንጃ» ያለች ሴት «ከሚካኤል በፊት ነው ከሚካኤል በኋላ? ፍልሰታ ገብቶ ነበር?» ቢሏት አስባ ትመልሳለች። ጥያቄው በእሷ ካላንደር አልተጠየቀም እንጂ ካላንደር አጥታ አይደለም።

ቀን ሲጠፋ ሰው እጁን ይጠቀማል። የልምድ አዋላጇ ሆድ ዳስሳ፣ ፅንሱ መንቀሳቀስ የጀመረበትን ጊዜ ጠይቃ፣ «ወሯ ገብቷል» ትላለች። የተማረችው አዋላጅም መነሻዋ ከዚህ አይርቅም፤ ማኅፀን እምብርት ሲደርስ ወደ 20 ሳምንት ነው። ፈረንሳዊው አዶልፍ ፒናር እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው የፅንስ ልብ ማዳመጫ ቀንድ ዛሬም በየጤና ጣቢያችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ ኤሊስ ማክዶናልድ የሚባል ሐኪም ሆድን በሜትር የመለካትን ዘዴ አወጣ፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሴንቲ ሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም። ግን አንድ ትልቅ እንከን አለው፦ ሜትር የሚለካው መጠንን ነው፤ ዕድሜን አይደለም። እናቲቱ በምግብ እጥረት ተጎድታ ፅንሱ ካልፋፋ የስምንት ወሩ የሰባት ይመስላል። መንታ ከሆነም በተቃራኒው።

«አልትራሳውንድ አለ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለ። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራቸውን ካሳተሙ ወዲህ ዓለም የማኅፀንን ውስጥ ማየት ለምዷል። እሱም ቢሆን ቶሎ ለመጣ ነው የሚያገለግለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከታየች ስሕተቱ ከሳምንት አይበልጥም፤ በሰባተኛው ወር ካለፈች በኋላ ግን ወደ ሦስት ሳምንት ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ የመከረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ ወይ ዘግይተው መጡ፣ ወይ ጭራሹን አልመጡም።

ዋጋው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ በኬንያ፣ በዛምቢያና በሌሎች አራት አገሮች ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ሳንባ የሚረዳውን መርፌ ለእናቶች አዳርሶ ነበር። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ስላልታወቀ መድኃኒቱ ለማያስፈልጋቸው ብዙዎች ደረሰ፤ በጠቅላላው ሲታይ የሕፃናቱ ሞት ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሌላ ሙከራ ግን ዕድሜውን በአልትራሳውንድ አረጋግጦ፣ በተሟላ ሆስፒታል ሰጠው፤ ሞት ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው። ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ቆጠራው ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ከብዙ ዓመታት በፊት የተጀመረው የእናቶች ማቆያ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ እዚያ እንድትቆይ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ግን ማቆያው ምን ይሠራል? አንዷ ወር ቀድማ ትመጣለች፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው ሲያሳስባት ትመለሳለች፤ ምጡ በሌሊት መንገድ ላይ፣ በቃሬዛ ላይ ያገኛታል። በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ጎጃምና በደቡብ ጎንደር ጤና ጣቢያዎች በነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደ ጥናት የእርግዝናውን ዕድሜ በአልትራሳውንድ ለይቷል። ደስ የሚል ጅምር ነው። ግን መሣሪያው የሚያስፈልጋት ሴት ቀድማ ካልመጣች ማያው ላይ የሚታየው ያው ግምት ነው።

ስለዚህ እኛ የከተማ ልጆች ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት ስንሄድ አንድ ነገር እናድርግ። እርጉዝ እህታችንን ወይም የአጎታችንን ሚስት ስናገኝ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላለን፤ ምርቃቱ ይቀጥል። ከምርቃቱ በኋላ ግን ቀስ ብለን እንጠይቃት፦ «አበባሽን ያየሽው በማን ዕለት ነው?» ብላ የነገረችንን በወረቀት ጽፈን እንስጣትና ሳትውል ሳታድር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳይ። ጳጉሜንንም እንዳንረሳት።